ርዕሱ ሰው ያስፈራል

ለጽሑፋችሁ የሰጣችሁት «ስፖርት የጡንቻ ሴል ይገድላል» የሚለው ርዕስ ግማሽ እውነት ነው። ያልለመደ ሰው ድንገት ሲያበዛው፣ በተለይ ቁልቁለት ሲሮጥ፣ ጡንቻው ይጎዳል፤ አፖፕቶሲስ የሚባለው የሴል ራስን የማጥፋት ሂደትም ሊጨምር ይችላል። ግን አንድ የጡንቻ ክር ብዙ ኒውክለስ (የሴል ማዕከል) ስላለው አንዱ ቢጠፋ ክሩ በሙሉ አይሞትም። አጠገቡ ያሉት ሳተላይት ሴሎች የሚባሉ የጡንቻ ጠጋኝ ሴሎች ይጠግኑታል። በአይጦች ላይ ደግሞ አዘውትሮ መሮጥ ሴልን ከሞት የሚከላከለውን ቢሲኤል-2 ፕሮቲን ሲጨምር ታይቷል።

እናቴ እዚሁ ድሬዳዋ ፀሐይ ሳይከር ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር በእግሯ ትሄዳለች። በዚህ ዕድሜዋ ከዱካ ስትነሳ ምንም አትደገፍም። ጡንቻ በእርጅና የሚሟሽሸው ቁጭ ሲባል ይብሳል። እባካችሁ ርዕሱን አስተካክሉት፤ እሷን የመሰሉ ሰዎች አንብበው ቤት እንዳይቀሩ።