«ባሕር አያልቅም» ላሉት ተንታኝ

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ ተንታኝ ስለ ውሃ ሲያወሩ ባሕሬንን ምሳሌ አደረጓት። «ከድሮም ጠብታ ውሃ ያልነበራት በረሃ ናት። ገንዘብ ስላላት ባሕሩን አጣርታ ትጠጣለች። ባሕር ደግሞ አያልቅም» አሉ። አወያዩም እየነቀነቀ አሳለፋቸው። እኔ ግን በዋና ከተማዋ በማናማ ኖሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር ስጨቃጨቅ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ጠብታ ውሃ ያልነበራት? እንዴ! ባሕሬን እኮ የምንጭ አገር ነበረች። ዝናቧ ኢምንት ነው፣ ወንዝም የላትም፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ከምሥራቅ ሳዑዲ በመሬት ሥር የሚመጣ ውሃ ደሴቷ ላይ ይፈልቅ ነበር። ሰሜኑን በቴምር ያለበሰው ያ ውሃ ነው። የባርባር ቤተ መቅደስ ከ4,000 ዓመት በፊት የተሠራው ምንጭ ይዞ ነው። ስሟ ራሱ «ሁለት ባሕር» ማለት ነው። አገሬውን ብትጠይቁ፣ አንዱ ጨዋማው፣ ሌላው ከሥሩ የሚፈልቀው ጣፋጩ ነው የሚላችሁ ብዙ ነው።

ከሥሩ ማለታቸው ቀልድ አይደለም። ምንጩ ባሕሩ ወለል ላይም ይፈልቅ ነበር። ዕንቁ ፍለጋ የሚወጡት ጠላቂዎች ባዶ የቆዳ ስልቻ ይዘው ይወርዱ ነበር። የስልቻውን አፍ ምንጩ ላይ ይደግኑና ሲሞላ አንቀው ይዘው ይወጡ ነበር። ዙሪያውን ጨው፣ ስልቻው ውስጥ የሚጠጣ ውሃ! ተንታኛችን «ጠብታ» የሚሉት ይሄንን ነው።

ታዲያ የት ገባ? ሞተር ጠጣው። ከተማውም እርሻውም ጉድጓድ እየቆፈረ፣ ከሚተካው በላይ ሳበ። ጣፋጩ ሲሸሽ ጨው በቦታው ገባ። አዛሪ የሚባል ዝነኛ ምንጭ ነበራቸው፤ «እንደ አዛሪ፣ ሩቁን አጠጥቶ ቅርቡን የሚነሳ» እያሉ የሚተርቱበት። እኛ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደምንለው ማለት ነው። ምንጩ ደረቀ። ዛሬ አዛሪ ብትሉ ልጆች የሚጫወቱበት መዝናኛ ፓርክ ነው የሚያሳዩአችሁ። ሲትራ በምትባለው የባሕሬን ደሴት የባሕር ውሃ ማጣራት የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ነው። ስለዚህ ማጣሪያው የገንዘብ ብልጠት አይደለም፤ ጓዳን አራቁቶ ጎረቤት ደጅ መቆም ነው። እርግጥ ዛሬ ማጣሪያው ቢቆም ማናማ አንድ ሳምንት አትውልም። እሺ። ይሄ ግን የሚያስፎክር ነው የሚያስፈራ?

«ባሕር አያልቅም» የምትለዋ ደግሞ ትገርመኛለች። ሰው ባሕር ሲባል ማለቂያ የሌለው ይመስለዋል። ባሕሬን ያለችበት ባሕረ ሰላጤ አማካይ ጥልቀቱ 35 ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ቀን ተሌት ታተነዋለች፤ አንዱ ሊትር ከ40 ግራም በላይ ጨው ይይዛል። ማጣሪያው ጣፋጩን ወስዶ የተረፈውን ጨዋማ ድፍድፍ እዚያው መልሶ ይደፋል። ነገ ደግሞ ከዚያው ይስባል። ባሕረ ሰላጤውን የከበቡት ሌሎች አገሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። የገዛ እጣቢን እያጣሩ መጠጣት ካልሆነ ምን ይባላል? በ1991 (እ.ኤ.አ.) በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ነዳጅ ባሕሩ ላይ ሲፈስ የማጣሪያዎቹን አፍ ለመከላከል የነበረውን ሩጫ ተንታኙ ረስተውታል መሰለኝ። አላለቀም፤ ግን ሊጠጣ የማይችልበት ቀን ደጅ ደርሶ ነበር።

ባሕሩን አፈር መሙላቱንስ? ከ700 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች የነበረችው አገር ዛሬ ከ780 አልፋለች። ያ ሁሉ መሬት ከሰማይ አልወረደም። ወደ የብስ ገባ ያለው የቱብሊ ባሕር በ1997 (እ.ኤ.አ.) ረግረጋማ ቦታዎችን በሚጠብቀው በራምሳር ስምምነት ተመዝግቧል፤ ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውሃ የሚበቅል ዛፍ አለው፣ ወፍ ያርፍበታል። ምዝገባው ጠርዙ በሙሌት ከመበላት አላዳነውም።

ተንታኙ አንድ ሐምሌ ማናማ ቢሄዱ ደስ ይለኛል። «ቀዝቃዛ» የተባለውን ቧንቧ ይክፈቱ፤ ይለበልባቸዋል። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ነዋ። በየቤቱ የሚሠሩት እህቶቻችን ዘዴውን ያውቁታል፦ ቦይለሩን ያጠፉና በ«ሙቁ» ቧንቧ ይታጠባሉ፤ ቤት ውስጥ ስላለ እሱ ይሻላል። የሚጠጣውን ግን ከቧንቧ አይቀዱም። ሱቅ ይደውላሉ፤ ልጁ ሰማያዊውን ትልቅ ጠርሙስ ትከሻው ላይ አድርጎ ያመጣል።

በገንዘብ።