ሁሉ ሞልቶ አየር ሲጎድል

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና ይድረሰው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መኖር ከሕክምና ያርቃል የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች እኛ ብሎክ ታመው አያውቁም። እኔ አስም አለብኝ፤ ምስክርነቴን ልስጥ። ባለፈው ነሐሴ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደረቴ ማፏጨት ሲጀምር፣ ባለቤቴ በር ከፍታ «ድረሱልኝ!» ከማለቷ ሰባት ስፔሻሊስት አልጋዬን ከቦ ቆመ። ያውም ካርድ ሳላወጣ፣ ወረፋ ሳልይዝ፣ «ነገ ተመለስ» ሳልባል።

የመጀመሪያው ሕክምና ሁልጊዜ ያው ነው፤ መስኮት መዝጋት። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ገና ከበሩ «ብርድ ነው የመታው» ብለው መስኮቱን ግጥም አደረጉት፤ ስንጥቁንም በነጠላቸው ጫፍ ወተፉት። እትዬ ይህን ሙያ የተማሩት ከቃሊቲ በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በሚጭን መኪና ሃያ ሰው ታጭቆ አንዱ መስኮቱን በጣት ያህል ገርበብ ሲያደርግ «ኧረ ንፋስ ገባ!» የሚለው የመጀመሪያው ድምፅ የእሳቸው ነው። ንፋስ በእኛ አገር እንደ ሌባ ነው፣ በር ተቆልፎበት ነው የሚያድረው። እውነት ለመናገር ቀዝቃዛ አየር የአንዳንዱን ሰው አስም ይቀሰቅሳል። ሰባት ሰው ተንፍሶ የጨረሰውን አየር መልሶ መተንፈስ ግን መድኃኒት መሆኑን ከእትዬ በቀር የደረሰበት የለም።

ቀጥሎ መድኃኒቱ ጎረፈ። ዳማከሴ ተጨምቆ መጣ። ፌጦ በሎሚ መጣ። ነጭ ሽንኩርት በማር ሲመጣ ደግሞ ከምድር ቤት ያለችው ጎረቤት የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ጋቢ አልብሳ ልታጥነኝ ብረት ድስቱን ይዛ ከደረጃው ወጣች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እኛ ብሎክ ያልደበቀ ሰው መድኃኒት መሸሸጊያ ያጣል። ጡረተኛው ጋሼ ከሁሉም ዘመናዊ ናቸው፤ ካለፈው ዓመት የጥርስ ሕመማቸው የተረፈ አምስት ፍሬ አሞክሳሲሊን በወረቀት ጠቅልለው አመጡልኝ። አሞክሳሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያ ነው። አስም ሲነሳ ደግሞ የአየር ቧንቧው ግድግዳ ያብጣል፣ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል፣ አክታ ይዘጋዋል፤ የሚገደል ነገር የለም። ጋሼ ግን ሁለቱን ፍሬ በእጃቸው አጎረሱኝ። ጉርሻ እምቢ አይባልም።

«ቡና ይፈላለት!» ያለው ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ጭሱ ከልሎኝ ነበር። እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ የጎረቤት ሐኪሞች ቦርዱ ሳያውቀው እውነት ነክቷል። ካፌይን ቴኦፊሊን ከሚባለው የቆየ የአስም መድኃኒት ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓት በመጠኑ ከፈት ያደርጋል፤ የታፈነ ሰው ለማዳን ባይበቃም። ታዲያ የእኛ ቡና ብቻውን አይመጣም። ከሰሉ በሶፋው ጥግ ተያያዘ፣ ቡናው ተቆልቶ ጭሱ እየዞረ ሁሉንም አሸተተ፣ ዕጣኑ ተጨመረ፣ አጋንንቱም ይውጣ ተብሎ ዕጣኑ ተደገመ። መስኮቱ እንደተዘጋ ነው። ሲኒው ሊከፍተው ያሰበውን ጭሱ ቀድሞ ጠረቀመው። ደግሞ በዚያው ሳምንት ኮሚናሉ ውስጥ ለአዲስ ዓመት በርበሬ ሲታመስ መሰንበቱን፣ ከብሎኩ ጀርባም ቆሻሻ ሲቃጠል ማምሸቱን ያነሳ ሰው የለም። ያ በሽታ አይደለም፣ ኑሮ ነው።

በጣቴ ወደ ኮመዲኖው ጠቆምኩ። መሳቢያው ውስጥ ሰማያዊዋ ፓፍ አለች፤ ሳልቡታሞል። በደቂቃዎች ውስጥ የተጨመደደውን ጡንቻ ትፈታለች፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓትም ታቆያለች። እትዬ ቀድመውኝ አነሷትና ጡታቸው ሥር ሸጎጧት። «እንዳትነካት! ሱስ ናት። የእህቴ ልጅ አንዴ ለምዶ ይኸው እስካሁን ይነፋል።» የእህታቸው ልጅ እስካሁን መንፋቱ እስካሁን መተንፈሱን እንደሚያሳይ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ከ«እትዬ» ቀጥሎ ያለው ቃል አልወጣልኝም። ዓረፍተ ነገር መጨረስ አለመቻል ሐኪሞች ዘንድ የአደጋ ምልክት ነው። ቦርዱ ግን «ጨዋ ነው፣ አይመልስም» ብሎ መዘገበው።

የሌሊቱ ቁንጮ የመጣው ፉጨቱ ሲያቆም ነው። ደረቴ ጸጥ አለ። «ተሻለው!» ተባለ፣ አንዷ እልል ልትል አፏን አዘጋጀች። አየር ጭራሽ መግባትና መውጣት ሲያቅተው ደረት እንደሚያፏጭበት ነገር ያጣል፤ ከንፈርም ይጠቁራል። ቦርዱ የከንፈሬን መጥቆር በብርዱ ወሰነ።

የአራተኛ ፎቅ ተከራዮች ልጅ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ በዚህ መሀል ብቅ አለች። ተከራይ ስለሆነች በቦርዱ ድምፅ የላትም፤ ስለዚህም ነው መሰል ማንንም ሳታስፈቅድ መስኮቱን የከፈተችው። አጋድመውኝ ስለነበር ቀና አድርጋ ቁጭ አስደረገችኝ። ፓፏን ከእትዬ እንዴት እንዳስለቀቀቻት ለትውልድ ይተላለፍ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በቢላ በስታ የፓፏን አፍ ሰካችበት፣ ክፍተቱን በፕላስተር ዘጋች፣ የሃይላንዱን አፍ ለእኔ ሰጠችኝ። ለታናሽ ወንድሟ ሲሠራለት አይታ ነው። (እ.ኤ.አ. በ1999 የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች በልጆች ላይ ሞክረው ይህች ሃይላንድ ፓፍ ላይ ከሚሰካው፣ በገንዘብ ከሚገዛው ማስተንፈሻ እንደማታንስ ጽፈዋል። እኛ ቤት ሃይላንድ የምትታወቀው በጋዝ መያዣነቷ ነው።) አንድ ጊዜ ነፋች፣ አራት ጊዜ ተነፈስኩ፤ እንዲህ አራቴ። አራት ደቂቃ ጠበቀች፣ ደገመች። በመሀሉ «ጋሼ፣ 907 ደውያለሁ» አለችኝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር ነው። ቦርዱ በሦስት ሰዓት ስብሰባው ያልደረሰበት አጀንዳ።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ላመስግን። እኔም ከቦርዱ አባላት አንዱ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰማያዊዋን ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ ሐኪም ሳላይ ኖሬያለሁ። በየቀኑ ደህና በሆንኩበትም ሰዓት የሚወሰድ፣ እብጠቱን የሚቀንስ ሌላ የሚነፋ መድኃኒት እንዳለ ስሰማ «ደህና ሰው መድኃኒት ይወስዳል እንዴ?» ብዬ ስቄያለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የዓለም የአስም መመሪያ ለአዋቂዎች ማስታገሻውን ብቻ ይዞ መኖርን አይመክርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚያው ዓመት 455,000 ሰው በአስም ሞቷል። እኔ ግን እነሱን አላውቃቸውም ነበር፤ የማውቀው ጋሼን ነው።

ሐኪም ቤቱ ኦክስጅን ሰጠኝ፣ መድኃኒቱን በጉም መልክ በማሽን አስተነፈሰኝ፣ እብጠት የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን አዘዘልኝ፣ ያንን የናቅሁትን በየቀኑ የሚነፋም ጨመረልኝ። በማግስቱ ከሰዓት ደረጃውን ቀስ እያልኩ ስወጣ ቦርዱ ሙሉ ቤት ጠበቀኝ። «እንኳን ማረህ!» ከተባለ በኋላ ክርክሩ ተነሳ። ዳማከሴው ነው ያሉ አሉ፣ ፌጦው ነው ያሉ አሉ፤ እትዬ ሁለቱንም ሰምተው መስኮቱን ዘጉና «ብርዱ ወጥቶለት ነው» ሲሉ ፈረዱ። የአራተኛ ፎቋ ልጅ የክረምት ትምህርት ላይ ነበረች።

ጋሼ ሁሉም እስኪሄድ ቆዩ። ከኪሳቸው ያቺን ወረቀት አውጥተው የቀሩትን ሦስት ፍሬ አሞክሳሲሊን እጄ ውስጥ አስጨበጡኝ፤ ጎንበስ ብለውም በምስጢር ድምፅ፣

«ልጄ፣ መድኃኒት ተጀምሮ አይቋረጥም» አሉኝ።