«ደህና ነኝ» የሕክምና ማስረጃ አይደለም

የእንግሊዝ መንግሥት የአካል ጉዳት ድጎማ ምዘና በስልክ መሆኑ ቀንሶ ፊት ለፊት እንዲበዛ ወስኗል። ደጋፊዎቹ የሚሰጡት ምክንያት አጭር ነው። ሰውን በዓይን ማየት እውነቱን ያወጣል ይላሉ። ሕዝቡም በሥርዓቱ ያምናል ይላሉ።

እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። ለንደን ውስጥ እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው ወገኖቻችን ላስተረጉም ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ። እዚያ ዓይን የሚያየውንም የማያየውንም አይቻለሁ። ስለዚህ ይህን ውሳኔ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። እትዬ እላቸዋለሁ። ስልሳ ዓመት አልሞላቸውም። ሃያ ዓመት የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ወገባቸውና ጉልበታቸው አለቀ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው አልታዘዝ ይሏቸዋል። ስኒ የሚያነሱት በሁለት እጅ ነው። ፒፕ (PIP) ለሚባለው የአካል ጉዳት ድጎማ አመለከቱ፣ የምዘና ቀጠሮ መጣ፣ አብሬያቸው ሄድኩ።

ለቀጠሮው ነጠላቸውን ደረቡ። ልጃቸው ጸጉራቸውን ሠራቻቸው። ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። ተጎሳቁሎ መታየት ነውር ነው። ከመጠበቂያው ወንበር እስከ ክፍሉ ድረስ ክንዴን ጨብጠው ሄዱ። ገምጋሚዋ በሩ ላይ ቆማ ፈገግ አለችና «ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለቻቸው። እትዬም እንደ ወጉ ጎንበስ ብለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» አሉ። እኔም ቃል በቃል አስተረጎምኩ።

ከሳምንታት በኋላ ቡናማው ፖስታ መጣ። ሪፖርቱን ከፍቼ አነበብኩላቸው። አመልካቿ ደህና መሆናቸውን ተናግረዋል ይላል። ከመጠበቂያው ክፍል ያለ ችግር ተራምደዋል ይላል። ፈገግ ብለዋል፣ ንጹሕ ለብሰዋል፣ ጸጉራቸው በደንብ ተሠርቷል ይላል። ነጥብ፣ ዜሮ። የጨበጡት ክንዴ ሪፖርቱ ውስጥ የለም። ጸጉራቸውን የሠራችው ልጅም የለችም።

እውነቱን ያወጣል የተባለው ዓይን ያየው ይህንን ነው።

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። «ደህና ነኝ» ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እንኳ «እንዴት ናችሁ?» ስንባል «ደህና፣ ተመስገን» እንላለን። ሆስፒታል የተኛ ሰው ጠያቂ ሲመጣበት «ዛሬስ ተሽሎኛል» ይላል። የመጣውን ሰው ላለማስጨነቅ ነው። ያደግነው እንዲህ ነው። ማማረር ፈጣሪን ማስቀየም ነው፣ ገመናን አደባባይ ማውጣት ውርደት ነው ተብለን ነው ያደግነው። እናቶቻችን «የሰው ፊት እሳት ነው» የሚሉት በሰው ደጅ ቆሞ መለመን እንዴት እንደሚያቃጥል ስለሚያውቁት ነው። አሁን መንግሥት ያንን እሳት ላብዛው ይላል። እሳቱ ፊት የወጣችውን ቃል ደግሞ እንደ ምርመራ ውጤት መዝግቦ ያስቀምጣታል።

ነገሩ ሰላምታ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የፒፕ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ምግብ ነው። ለአንድ ሰው የምትበቃ ቀለል ያለች ምግብ ከጥሬው ተነስተው አዘጋጅተው ማብሰል ይችላሉ ወይ? በእትዬ ዕድሜ ላለች ሴት ይህ የጤና ጥያቄ አይደለም። ሙያ አለሽ ወይ ተብሎ መጠየቅ ነው። የማያውቋት ወጣት ፊት «ወጥ መሥራት አቅቶኛል» ብለው እንዲናገሩ ነው የሚጠበቅባቸው። እትዬ «እንዴታ! እሠራለሁ እንጂ» አሉ። አልዋሹም፣ ይሠራሉ። ሽንኩርቱን ልጃቸው ማታ ከትፋ ፍሪጅ ታስቀምጥላቸዋለች። ድስቱን ከምድጃ የምታወርድላቸው ጎረቤታቸው ናት። ሽሮው እስኪንተከተክ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ይህም በሳምንት ሁለት ቀን ነው። በሌላው ቀን ዳቦና ሻይ ነው።

ሕጉ ይህንን ያውቃል። ነገሩን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ደንቡ አንድ ሰው አንድን ነገር «ይችላል» የሚባለው ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ፣ በአግባቡ፣ ባስፈለገው ቁጥር ደጋግሞ፣ ጤነኛ ሰው ከሚፈጅበት ከእጥፍ ባልበለጠ ጊዜ ሲሠራው ነው ይላል። ችግሩም ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት ካለ ይቆጠራል። ደግ ደንብ ነው፣ ያወጣው ሰው አስቦበታል። ግን ገምጋሚዋ «በሳምንት ስንት ቀን?» ብላ አልጠየቀችም። «ድስቱን ማን ያወርድልዎታል?» አላለችም። «ትችላለች» ብላ ጻፈች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ያንን ወረቀት ለማስለቀቅ እትዬ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

መጀመሪያ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ማመልከት ግዴታ ነው። ይህንን ሳያልፉ ይግባኝ የለም። አመለከትን፣ መልሱ ያው ሆነ። ከዚያ ችሎት ቀረብን። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ዳኛ፣ ሐኪም እና የአካል ጉዳትን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው። ሐኪሙ ስለ ምግብ ሲጠይቅ መጀመሪያ ያነሳው ድስቱን ነበር። ማን ያነሳልዎታል አላቸው። እትዬ አለቀሱ። በዚያ ሁሉ ወራት ይህንን የጠየቃቸው እሱ የመጀመሪያው ነው። ዜሮ የነበረው 10 ነጥብ ሆነ። ለዕለት ተዕለት ኑሮ ከሚሰጠው ክፍያ ዝቅተኛውን ለማግኘት 8 ይበቃል። እሱም በ2025/26 ተመን በሳምንት 73 ፓውንድ ከ90 ነበር። ይህቺን ለማግኘት ነው ያ ሁሉ መከራ።

እትዬ ብቻቸውን አይደሉም። ችሎት ቀርበው ከሚታዩት የፒፕ ይግባኞች ከ3ቱ 2ቱ ገደማ የሚያበቁት ለአመልካቹ በመፍረድ ነው። ይህ ቁጥር በተነሳ ቁጥር የመንግሥት መልስ አንድ ነው። ከጠቅላላው ውሳኔ ይግባኝ የሚባልበት ጥቂት ነው፣ የሚሻረውም ከዚያ ያነሰ ነው ይላሉ። ይህንን ክርክር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ይግባኝ ያላለ ሁሉ ውሳኔው ትክክል ነው ብሎ ተቀብሏል ማለት ነው? ፖስታውን ከፍቶ ማንበብ ያልቻለውስ? ጊዜ ገደቡ በሕመም ያለፈበትስ? እኔ የማውቃቸው ሰዎች ይግባኝ ሳይሉ የቀሩት ስለታከታቸው ነው። «ይቅርብኝ ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ሰው ፊት አልቆምም» ነው የሚሉት። መንግሥት የእነዚህን ሰዎች ዝምታ የሥራው ጥራት ማረጋገጫ አድርጎ ያቀርበዋል።

ታዲያ መዛኙን የሚመዝነው ማነው? ፒፕ በ2013 ሲጀመር ምዘናው ለሁለት የግል ኩባንያዎች፣ ለአቶስና ለካፒታ፣ በኮንትራት ተሰጠ። የፓርላማው የሥራና ጡረታ ኮሚቴ በ2018 ነገሩን ሲመረምር ከ3,500 በላይ ሰዎች የደረሰባቸውን ጽፈው ላኩ። ኮሚቴውም ኩባንያዎቹ መንግሥት ያስቀመጠላቸውን የጥራት ግብ ማሟላት እንዳልቻሉ ጻፈ። ገንዘቡ ግን መፍሰሱን ቀጠለ። ኮሚቴው አንድ ቀላል ነገር ጠየቀ፤ ምዘናው ሁሉ ይቀዳ አለ። በዚያው ዓመት የሥራና ጡረታ ሚኒስትሯ ኤስተር ማክቬይ በቪዲዮ መቅዳት መደበኛ አሠራር ይሆናል ብለው ለፓርላማ አስታወቁ። በ2025ም መቅዳት መደበኛ ይሆናል ተብሎ እንደ አዲስ ቃል ተገባ። ሰባት ዓመት! እኔ በገባሁባቸው ክፍሎች አንድ ቀን እንኳ መቅጃ በርቶ አላየሁም። ድምፁ ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ እትዬ «ደህና ነኝ» ያሉት በሩ ላይ፣ ለሰላምታ መሆኑ ይሰማ ነበር። ችሎት ድረስ መንከራተትም ባላስፈለገ።

መረጃ ማስወጣትም ያው መከራ ነው። በ2022 መጀመሪያ ሚኒስቴሩ አላወጣም ብሎ የያዘውን የአካል ጉዳተኞች ጥናት ኮሚቴው በፓርላማ ሥልጣኑ ከአጥኚው ድርጅት አስገድዶ አወጣው። ያን ጊዜ ሰብሳቢው ሰር ስቲቨን ቲምስ ነበሩ። ዛሬ እሳቸው ራሳቸው ሚኒስትር ናቸው። የፒፕ ምዘና እንዲፈተሽ የተጀመረው ሥራም በስማቸው ይጠራል። ጉዳዩን ያውቁታል፣ ይህንን አልክድም። ስለሚያውቁት ነው ይቅርታ የማላደርግላቸው።

በ2025 መጀመሪያ የያኔዋ ሚኒስትር ሊዝ ኬንዳል ከድጎማ ተቀባዮች መሃል እየቀለዱ ያሉ ሰዎች አሉ ብለው ነበር። መንግሥት ራሱ ባወጣው የ2023/24 ሂሳብ ከፒፕ ያለ አግባብ የተከፈለው፣ ስህተቱም ማጭበርበሩም ተደምሮ፣ ከ1 በመቶ በታች ነው። ለዚህ ተብሎ ነው የታመመ ሰው ሁሉ እንደ ተጠርጣሪ የሚታየው።

አሁን ወደ ልጅ ቀለብ ልምጣ። የዚያው ሚኒስቴር ሥራ ነው። እዚህ ጥርጣሬው ድንገት ይጠፋል። ቀለቡ የሚሰላው ከፋዩ ወላጅ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ካሳወቀው ገቢ ነው። በመደበኛው ስሌት ለአንድ ልጅ ከጠቅላላ ገቢ 12 በመቶ፣ ለሁለት 16፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ 19 ነው። ደሞዝተኛ ከሆነ ያስኬዳል። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ግን የገቢ ወረቀቱን የሚጽፈው ራሱ ነው። በወረቀት ድሃ ከሆነ በሳምንት 7 ፓውንድ ይቆረጥበታል። አዎ፣ ሰባት። በዚህች ለልጅ ጫማ ይገዛል?

የማውቃት አንዲት እናት የልጇ አባት አዲስ መኪና ይዞ በሰፈሯ ሲያልፍ ታያለች። ደውላ ተናገረች። ማስረጃ አምጪ ተባለች። ገቢው ጨምሯል ብትልም ለውጡ 25 በመቶ ካልደረሰ ስሌቱ በመሃል አይነካም። ማታ ማታ ቢሮ እያጸዳች፣ ቀን ልጅ እያሳደገች፣ የሰው ባንክ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ከየት አምጥታ ታሳይ? እትዬ የሐኪም ደብዳቤ ይዘው ቀርበው አልታመኑም። አባትየው በራሱ እጅ የሞላው ቅጽ ታመነ። እትዬን ከአልጋቸው አስነስተው ፊት ለፊት እንያቸው አሉ። አባትየውን «ና፣ ፊት ለፊት እንይህ» ያለው ሰው ግን አላየሁም። ዓይን እውነቱን የሚያወጣ ከሆነ እሱ ላይ ለምን አይሠራም?

በ2025 አጋማሽ መንግሥት አንዱ ወላጅ ለሌላው በቀጥታ የሚከፍልበት መንገድ ቀርቶ ቀለቡ ሁሉ በሚኒስቴሩ የልጅ ቀለብ አገልግሎት በኩል እንዲያልፍ አደርጋለሁ ብሏል። እሺ፣ ይሁን። በማን በኩልም ቢያልፍ ሰባት ፓውንድ ያው ሰባት ፓውንድ ነው። ከደሞዝ መቁረጥ፣ ከባንክ መውሰድ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ መንጃ ፈቃድና ፓስፖርት ማስነጠቅ ድረስ ሥልጣን አላቸው። ሥልጣኑ እያለ ግን የብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ያልተሰበሰበው ቀለብ በ2031 1 ቢሊዮን ፓውንድ ሊደርስ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ይህ ለልጆች የተባለ ገንዘብ ነው።

ሌላ መንገድ የለም የሚለኝ ሰው ካለ ስኮትላንድን ይመልከት። እዚያ ከ2022 ጀምሮ ለአዋቂ አካል ጉዳተኞች የሚከፈለው ድጎማ ምዘና ለግል ኩባንያ አይሰጥም። መጀመሪያ የሚያዩት ያለውን ማስረጃ ነው። ሰውየውን የሚያነጋግሩት ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። ጉዳቱ ያው ነው፣ ሰዉ ያው ሰው ነው፤ የተለየው ወንዝ ማዶ መሆኑ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ ሌላ ሰው ይዤ እገባለሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የማስጠናቸውን ካሁኑ አውቀዋለሁ። ምዘናው እንዲቀዳ አስቀድመን በጽሑፍ ጠይቀናል። ድስቱን ማን እንደሚያወርድላቸው ሳይጠየቁ እንዲናገሩ እነግራቸዋለሁ። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የመጨረሻው ነው። አባቴ፣ እንዴት ነዎት ሲሉዎት ደህና ነኝ እንዳይሉ፣ ተመስገንም እንዳይሉ ልላቸው ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ለቀራቸው፣ ፒፕ ሲያገኙ ቆይተው አሁን እንደገና ይመዘኑ ለተባሉ ሰው።