ከበረካ የሚጀምሩ ሊቃውንት

ለእነዚህ ሰዎች ሐውልት ይቁምልኝ። ጦሳ ተራራ አናት ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ከታች መጀመር አይወዱማ።

ታውቋቸዋላችሁ። «ሒሳብን ከዜሮ ጀምሬ ራሴን ላስተምር ነው» ብለው ያውጃሉ። ማታ ከቴሌግራም አርባ ፒዲኤፍ ያወርዳሉ፣ ጠዋት ካልኩለስ የሚሉት ከፍተኛ ሒሳብ ላይ ናቸው። ዜሮውን መቼ እንዳለፉት እንጃ፣ ምናልባት ፋይሉ ሲጫን ይሆናል። እኛ ወሎዎች ቡና ስንጠጣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። አንዱ መጥቶ «እኔ ከበረካው ልጀምር» ቢል እናቶቻችን «አብሽር ልጄ» ይሉትና እርስ በርስ ይተያያሉ። በሒሳብ ግን ጀግንነት ነው።

ለምስጋና ያነሳሳኝ የሰሞኑ ቅርጫ ነው። የሰፈራችን ሊቅ ግማሽ መደብ ይዟል። መደቡ 6,000 ብር ስለሆነ 3,000 ከፍሏል። በሬው ታርዶ፣ ቅጠል ተነጥፎ ስጋው ሲመደብ አንድ ጎረቤት «ሲሶው ይበዛብኛል፣ የሚወስድልኝ አለ?» አለ። ሊቁ «እኔ» አለ። ሸጋ። ከዚያ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደመረ፤ አንድና አንድ ሁለት፣ ሁለትና ሦስት አምስት። «ሁለት አምስተኛ!» አለ። የ6,000 ሁለት አምስተኛ 2,400 ነው። እሱ 3,000 ከፍሏል። ስለዚህ 600 ብር መልስ ጠየቀ።

ስጋ ተጨመረለትና መልስ ጠየቀ!

ቢላዋ የያዙት ሽማግሌ ቆመው ቀሩ። «አንተ ልጅ፣ 2,000 ነው የምትጨምረው» ቢሉት «ጋሼ፣ እርስዎ በልምድ ነው የሚሠሩት፣ ይሄ ሳይንስ ነው» አላቸው። «እሺ፣ ግማሽና ግማሽ ስንት ነው?» አሉት። ዓይኑን ሳያሽ «ሁለት አራተኛ» አለ። እኔ እዚህ ላይ ነው በፍቅር የወደቅሁት። አስቡት እንግዲህ፣ በዚህ ስሌት ግማሽ መደብ፣ ሌላ ግማሽ፣ ሌላም ግማሽ እያለ በሬውን ሙሉ ቤቱ ቢያስገባ ሲደመር ሁልጊዜ ግማሽ መደብ ነው፤ ሻኛውም ታናሹም ተጨምሮ ሒሳቡ 3,000 ብር። ቆዳውን ቢወስድ እንኳ አይለወጥም። በዚህ ኑሮ ውድነት እንዲህ ያለ ጭንቅላት እያለን ለምን እንደምንቸገር አይገባኝም። አያቶቻችን ግን በሲሶና በእርቦ እያረሱ ምርት ሲካፈሉ ኖረዋል። የሊቁን ግማሽና ሲሶ ወደ ስድስተኛ ብትለውጠው ሦስትና ሁለት፣ አምስት ስድስተኛ፣ 5,000 ብር። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ተው፣ ከክፍልፋይ ጀምር» ካልከው የሒሳብ ሊቁን ራማኑጃንን ይጠራብሃል። እውነት ነው፣ ህንዳዊው በፈረንጆቹ 1903 ገና ልጅ ሳለ አንድ የቀመር መጽሐፍ አግኝቶ ራሱን አስተምሯል። ግን በሺዎች የሚቆጠሩትን ቀመሮች እያንዳንዳቸውን ራሱ ለማረጋገጥ ተቀምጦ ነው። የኛዎቹ መጽሐፉን ሼር አደረጉት።

ቀልዱን ትንሽ ላቁም። ደሴ ውስጥ የማውቃት አንዲት እናት ልጇን ለማስጠናት ብላ የአምስተኛ ክፍል መጽሐፉን ከክፍልፋዩ ምዕራፍ ጀምራለች። ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በእርሳስ፣ ስትሳሳት በላጲስ እያጠፋች። ሥራ ቦታ ይዛው ብትሄድ «በዚህ ዕድሜሽ!» ብለው ሳቁባት። አሁን መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልላ ነው የምትይዘው፣ እንደ ሌባ። ያናድዳል! ከሳቁባት ውስጥ ግማሽና ሲሶ ደምር ቢሉት የሚደምር ስንት ይገኛል? እሷ ትችላለች። አሁን አስርዮሽ ላይ ደርሳለች።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሊቃችንን ከትናንት ወዲያ ፒያሳ አገኘሁት። ካልኩለስ በሁለት ሳምንት አልቆ ኮምፒውተርን ከመረጃ ማስተማር፣ ማሽን ለርኒንግ የሚሉት ውስጥ ገብቷል፤ ፊቱ ራሱ በርቷል። የቅርጫውን ነገር እንዳላነሳበት ተጠንቅቄ ማኪያቶ ጋበዝኩት። እሱ ራሱ አነሳው።

«600 ብሬን ግን እስካሁን አልመለሱልኝም» አለኝ።