ውድ ወዳጃችን ሆይ፣ የሒሳብ ቁጥራችን ከታች ነው

ጅማ ውስጥ ወዳጅ አጣሁ ብሎ የሚያማርር ሰው ካለ መድኃኒቱን ልንገረው። ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት 500 ብር ይስጥ።

እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ሰጥቼ አይቼዋለሁ። ሄርማታ መርካቶ፣ ሱቄ ድረስ ሁለት ወጣቶች መጡ። በርጩማ አቀረብኩ፤ ቡናም እየተቆላ ነበር። በጅማ ደንብ ቁም ነገር የሚነሳው ከአቦል በኋላ ነው። እነሱ ግን ቡናው ሳይወቀጥ የሒሳብ ቁጥሩን አወጡ። «ዛሬ ገና አሥራ አምስት ወዳጅ ይቀረናል» አሉኝ። ትጋት ይሏል ይሄ ነው! ለአንዲት ተማሪ ደብተርና ዩኒፎርም ነው ተባልኩ፤ እዚያው በቴሌብር ላክኩ።

ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸውን አልቻልኩትም። እንደ አደይ አበባ በዓመት አንዴ ብቅ ይላሉ። «ውድ ወዳጃችን ወይዘሮ» ይላል መልእክቱ። እኔ ባለ ጢም ነኝ። ግን ወዳጅ በጢም አይጣላም። ደግሞ ስሜን ይሳሳቱ እንጂ የሒሳብ ቁጥሩን አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።

አንዴ ቅብጠት ይዞኝ ደወልኩና «ያቺ ልጅ ትምህርቷ እንዴት ሆነ?» አልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሕትናዋ ልብ ይነካል። «ጋሼ፣ እሱ የፕሮግራም ክፍል ነው፤ እኛ የገቢ ማሰባሰብ ነን።» አያችሁ ሥርዓት? ተማሪዋ በአንድ ቢሮ፣ ብሯ በሌላ ቢሮ።

የምስጋና ቀናቸውንም ልመስክር። ሆቴል፣ ምሳ፣ ከግድግዳው የሰፋ ባነር፣ በፍሬም የተሠራ የምስክር ወረቀት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ባነሩ ከየትኛው ወገን ተቆጠረ ብሎ መጠየቅ ግን ጥጋብ ነው፤ ምሳውን በልቶ ዝም ነው እንጂ። እርዳታ ያገኙት ልጆች መድረክ ላይ ተሰልፈው፣ ትልቅ የሰጡት መሐል ቆመው ፎቶ ተነሱ። እኛ የ500 ብር ወዳጆች ፎቶ አንሺውን እንዳንጋርደው ተነገረን።

የእድራችን ሰዎች ከእነዚህ ቢማሩ ምን ነበረበት? የእኛ ዳኛ መዋጮ ሲቀበሉ «የልጅህ ትኩሳት ለቀቀው ወይ?» እያሉ ሰዓት ያባክናሉ። ጸሐፊው ደግሞ ወጪውን በሰው ፊት ያነባል፤ ስንት ሳህን እንደተሰበረ፣ ማን እንደሰበረው ሳይቀር። እስከ በረካ ካልጠጡም አይነሱ። እስካሁን ባነር የላቸውም።

ዘንድሮ ደግሞ ወይዘሮነቴም ቀረ። ለበዓል የመጣው መልእክት «ውድ ስም እዚህ ይግባ» ይላል። ልቤ ተነካ። 50 ብር ላክኩና ምክንያት በሚለው ቦታ «ምክንያት እዚህ ይግባ» ብዬ ጻፍኩ።