የጋሼ ዴክና የተከራይ ጆሮ

ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው የአከራይን ጥያቄ በቃሉ ይወጣዋል። አግብተሃል? እንግዳ ታበዛለህ? ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ? ምጣድ አለህ? የእኔ አከራይ ይህን ሁሉ ዘለሉትና "ጆሮህ እንዴት ነው?" አሉኝ። "ደህና ነው ጋሼ" አልኩ። ያለ ብዙ ንትርክ ቁልፉን ሰጡኝ። ነገሩ የገባኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው የድሮ ሙዚቃ ማጫወቻ መሰብሰብና ማገናኘት ነው። መሰብሰቡ አያስቸግርም። ሰፈራችን ሽንብጥ ውስጥ አሮጌ ዴክ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ቤት ሲጸዳ የሚጣለው ለእሳቸው ይጣላል። ችግሩ ማገናኘቱ ነው። የሳሎኑ ቡፌ የእትዬን የክት ብርጭቆዎች አስወጥቶ ሳንሱይ፣ አካይ፣ ግሩንዲግና ፊሊፕስ አስገብቷል። ብርጭቆዎቹ ካርቶን ውስጥ ሆነው አልጋ ሥር ናቸው። እትዬም በበኩላቸው ስፒከሮቹን ዳንቴል አልብሰው የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠውባቸዋል። ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ላይ ግን ዳንቴል ክልክል ነው። ሙቀቱ የሚወጣው በአናቱ ነዋ።

ከቡፌው ጀርባ አንድ ቀጭን ሰው የሚያስገባ ክፍተት አለ። ጋሼን ሆዳቸው አያስገባቸውም። ተከራይ ግን ቀጭን ነው።

እዚያ ኋላ ያለው ሌላ አገር ነው። አውሮፓውያኑ ግሩንዲግና ፊሊፕስ የሚገናኙት ክብ በሆነ ባለ አምስት እግር መሰኪያ ነው። ጃፓኖቹ ሳንሱይና አካይ በቀይና በነጭ ጃክ። ሁለቱን የሚያስታርቀውን ገመድ ጋሼ ራሳቸው ናቸው የበየዱት። እያንዳንዱ ገመድ ላይ ናስትሮ ተጠቅልሎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። "አካይ መግቢያ"፣ "አካይ መውጫ"፣ "አትንካ"፣ "ይሄን ጭራሽ አትንካ"።

የሸክላ ማጫወቻ ደግሞ እንደ ቴፕ የተገኘበት ቦታ አይሰካም። መርፌው የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። የሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ይደርሳል። ስለዚህ ሸክላው "ፎኖ" የሚባል የራሱ መግቢያ አለው። እዚያ ድምፁ ይጎላል፤ ሲቀረጽ የተቀነሰው ባስም ይመለስለታል። ሲዲውን ፎኖ ላይ የሰካ ቀን ግን ጎረቤት ነጠላውን እያስተካከለ ይመጣል፤ ምን መርዶ ወረደ ብሎ።

በዚያ ቅዳሜ ሁሉም ተሰካክቶ ሲያልቅ ስፒከሩ "እምምም" ማለት ጀመረ። ጋሼ ከወዲያ በኩል "ግራውንዱ ነው!" አሉ። ከማጫወቻው የሚወጣ አንድ ቀጭን ሽቦ አለ። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለው ብሎን ጋር ካልታሰረ የመብራቱ ንዝረት ዘፈኑ ውስጥ ይገባል። የሽቦው ጫፍ ተበጥሷል። በጣቴ ይዤ ብሎኑ ላይ ስጫነው ቤቱ ጸጥ አለ።

"እንዳትለቅ!" አሉኝ።

አልለቀቅሁም። ዘፈኑ አለቀ። ሸክላው ተገለበጠ። ቡና ተፈላ። አቦሉ በቡፌው ጎን ተላከልኝ፤ በግራ እጄ ጠጣሁ። እትዬ "ኧረ ልጁን አውጡት!" ሲሉ ጋሼ "ይቺ ጀርባዋ ብቻ ትለቅ" አሉ። ቶናው ሲመጣ እዚያው ነበርኩ።

ከቡፌው ጀርባ ከወጡ በኋላ ያለው ሥራ ይብሳል። ማዳመጥ ነው። ጋሼ የስፒከሩን ገመድ በወፍራም ገመድ ይቀይሩና ያንኑ ዘፈን ከመጀመሪያው ያስጀምራሉ። ዓይን ዓይኔን እያዩ "ልዩነቱ ይሰማሃል?" ይላሉ። ኪራይ የሚጨመረው መስከረም ላይ ነው። ይሰማኛል ጋሼ። እንግዳም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ክትፎ የቀረበለት ሰው ጨው በዛ ይላል እንዴ? ባለፈው አንድ የእድር ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው "ትራምፔቱ ፊት ለፊቴ የቆመ መሰለኝ" አሉ። ዘፈኑ ውስጥ ትራምፔት አልነበረም። ጋሼ ግን ደስ አላቸው፤ ለሰውዬው ሁለተኛ ቢራ ከፈቱላቸው። ድምፅ የሚሰማው በጆሮ ነው የሚሉ ሰዎች የሰው ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። እኛ የምንሰማው በይሉኝታ ነው።

የይሉኝታው ጥግ የታየው ግን በፋሲካ ነው። አሜሪካ ያለው ልጃቸው የድሮ የሸክላ ማጫወቻ ላከላቸው። 110 ቮልት ስለሚል ትራንስ ተገዛ። ጎረቤት ተጠራ፣ ዶሮ ወጣ። ጋሼ እጃቸውን ታጥበው፣ ሸክላውን በጠርዙ ይዘው አስቀመጡት። ሽፋኑ ላይ ያለችው ሴት ናት። የወጣው ድምፅ ግን የጎልማሳ ወንድ ነው፤ ያውም ምሳ በልቶ እንቅልፍ የተጫነው። ከበሮውም ይጎተታል።

ሁላችንም ዝም አልን። የእድሩ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "አያችሁ፣ የሸክላ ድምፅ! ወፍራም እኮ ነው" አሉ። "የድሮ ሰው ድምፁ ይከብዳል" አለ ሌላው። ወደ እኔ ሲዞሩ "ባሱ!" አልኩ። እንዲህ እያልን ከዳግማይ ትንሣኤ አለፍን። በመጨረሻ እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው "እኔ ይቺን ልጅ በሬዲዮ እየሰማኋት ነው ያደግሁ። ምነው፣ ታማለች እንዴ?" አሉ።

ሬዲዮ ጠጋኙ መጥቶ ሳቀ። የዚህ ዓይነቱ ማጫወቻ ሞተር የሚታዘዘው ለቮልቱ ሳይሆን ለመብራቱ ምት ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50። ትራንሱ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ምቱን አይነካም። በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ 28 ገደማ ላይ ቀርቷል። ጋሼ ለጊዜው የሞተሩ ዘንግ ላይ ናስትሮ መጠቅለል ጀመሩ። ዘንጉ በአንድ አምስተኛ ሲወፍር ዘፋኟ ተፈወሰች። የእድሩ ሰው ግን እስከ ዛሬ "ያው የቀድሞው ይሻል ነበር" ይላሉ። ካሉ በኋላ ወዴት ይመለሳሉ?

ይህ ሁሉ ተገናኝቶ የሚደመጥበት ቀን ራሱ ጥቂት ነው። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ዘፈን የለም። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ የለም፤ ሰፈሩ ደግሞ ሰፊ ነው። እትዬ ምጣድ ከሰኩም የለም። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ስታቢላይዘሩ "ቀጭ" ብሎ ይተኛል። ክረምት ላይ ሰማዩ ከጣና ወዲያ ሲያጉረመርም ግቢው በሙሉ እየተጠራ ስፒና ይነቅላል። ልጅ፣ አዋቂ፣ ተከራይ አይልም። መብራቱም ሲፈልግ ይሄዳል። ጢስ ዓባይ ገና በ1964 እ.ኤ.አ. ተርባይን የተተከለበት ቦታ ነው፤ ከእኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። እኛ ሻማ ይዘን ስለ ሽቦ ጥራት እንከራከራለን።

ሁሉም የተሟላ ቀን ደግሞ ታሪክ አለ። ጋሼ መርፌውን አንስተው፣ ክንዱን በአየር ላይ እንደያዙት፣ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የሸክላ ኩባንያውን እንዴት እንዳቋቋመ ይጀምራሉ። በሕጉ ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ማኅበር መብት ነበር፤ ሰውዬው በወጣትነት ድፍረቱ ገባበት። ሲሰሙት ደስ ይላል። ባለ 45 ዙሯ ሸክላ ግን በአንድ ገጿ የምትይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው። ታሪኩ ከዘፈኑ ይረዝማል።

እኔን የምትገርመኝ ቤቱን የምታጸዳው ልጅ ናት። አንድ ቀን አምፕሊፋየሩ ድዳ ሆነ። መብራቱ በርቷል፣ ድምፅ የለም። ጋሼ ፊውዝ አወጡ፣ ገመድ ቀየሩ፣ እኔን ወደ ኋላ አስገቡኝ። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣችና "ቴፕ ሞኒተር" የሚለውን ቁልፍ በአንድ ጣቷ ተጫነችው። ቤቱ በዘፈን ተሞላ። ያ ቁልፍ ሲገባ አምፕሊፋየሩ ድምፁን ወደ ቴፑ ልኮ ከቴፑ ይጠብቃል፤ ቴፑ ካልበራ ዝም ነው። ጠዋት አቧራ ስታነሳ ተጭናው ኖሯል። በየሳምንቱ የምትወለውላቸውን ቁልፎች ከጋሼ በላይ ታውቃቸዋለች። ማንም ግን "ልዩነቱ ይሰማሻል?" ብሏት አያውቅም። ስትሠራ የምትሰማው በስልኳ ነው፤ በአንድ ጆሮዋ።

በዚህ ሳምንት ልጃቸው ሌላ ዕቃ ልኳል። ሳሎኑ ሞልቷል፤ እትዬ ደግሞ መኝታ ቤት አይነካም ብለው ምለዋል። ትናንት ማታ ጋሼ በሬን አንኳኩ። ገቡ፣ ቆሙ፣ ግድግዳውን በስንዝር ለኩ።

"ይቺ ጥግ ባዶ ናት አይደል?"

"አልጋዬን ላመጣ ነበር ጋሼ።"

"አልጋ ይጠጋል።"

ለጊዜው ሁለት ስፒከር ገብቷል። ኪራይ አይከፍሉም።