"እውነት እኮ ነው የማወራው"

ወላሂ አንጀቴ አሯል። ሰው ሰላቱን ሰግዶ መስገጃውን ገና ሳያጥፍ "የእገሊትን ነገር ሰማሽ?" ብሎ ይጀምራል፣ ኧረ ተዉ ሀሜት ነው ስል ደግሞ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፣ "እውነት እኮ ነው የማወራው!" እንዴ! ረሱል (ነቢዩ ሙሐመድ ሰ.ዐ.ወ) ይሄንኑ ተጠይቀው መልሰውታል እኮ፣ ያልከው ነገር የምታወራበት ሰው ላይ ካለ አምተኸዋል፣ ከሌለ ደግሞ ቡህታን ነው፣ ቀጥፈህበታል። እውነት ሲሆን ነው እኮ ሀሜት የሚባለው! ቁርአን 49:12 ላይ የሞተ ወንድምን ስጋ ከመብላት ጋር ያመሳሰለውን ነገር እንዴት እንዲህ አቅልለን እንደምናየው አይገባኝም።

ሌላው "ነሲሃ (ምክር) ነው" እያለ ሰው ፊት የሚያዋርደው። ባለፈው አንዷ ልጅ ሂጃብ ገና መልበስ ጀምራ ፀጉሯ ትንሽ ስለታየ ሰው መሀል ጮሁባት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ሻርፗን ስታስተካክል አይቻታለሁ፣ ከዛ ቀን በኋላ ተመልሳ አልመጣችም። አላህ እኮ ሙሳንና ሃሩንን ወደ ፊርዐውን (ፈርዖን) ሲልካቸው፣ ያውም ጌታችሁ እኔ ነኝ ወዳለው ሰውዬ፣ በለዘብታ አናግሩት ነው ያላቸው (20:44)። ይቺን ልጅ ለብቻዋ ጠርቶ ቀስ ብሎ መንገር ምን ይከብድ ነበር?